ጆን ኦሼን ለምን ትረሱታላችሁ?
ዛሬ አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ልጆቹ የማንቸስተር ዩናይትድን የምንጊዜም ምርጥ ስብስብ ሲያወጡ ጆን ኦሼን ያነሳው አንድም ሰው የለም። ከነካቴው! ፍጥነት የለውም፣ አብዶም አይሠራም፤ እሱስ ልክ ናቸው። ግን በ2007 ቶተንሃም ሜዳ ላይ ግብ ጠባቂያችን ቫን ደር ሳር አፍንጫው ተሰብሮ ሲወጣ፣ ቅያሪ አልቆ ነበርና ጓንቱን ያጠለቀው ተከላካዩ ኦሼ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ጓደኛውን፣ የቶተንሃሙን አጥቂ ሮቢ ኪንን ፊት ለፊት አግኝቶ ጎል ከለከለው። ከወር በኋላ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ተቀይሮ ገብቶ በባከነ ሰዓት የማሸነፊያዋን አገባ። ቀኝ፣ ግራ፣ መሀል፣ የትም ሲያሰልፉት አያጉረመርምም። በ2011 ሲለቅ 5 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ነበረው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ነፍሴ ነው! የእኛ አገር ክለብ አንጋፋውን በየክረምቱ ሲያሰናብት የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።