ላይብረሪ ኮፒ ማድረግ ይችላል፣ ሕጉ ፈቅዶለታል

ብዙ ላይብረሪ ውስጥ ግድግዳው ላይ "መጽሐፍ ፎቶኮፒ ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። የትኛው ሕግ? ስንተኛው አንቀጽ? የተከለከለውስ ማን ነው? ይሄን የሚነግራችሁ የለም። እኔ ይሄ ነገር ሲያናድደኝ ስለኖረ ዛሬ በደንብ ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም ሕጉን አውጥታችሁ ስታነቡት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ሕጉ ለላይብረሪ ተብሎ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፣ እሱም የሚፈቅድ አንቀጽ ነው።

አዋጁ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፣ በ2007 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ማሻሻያ ተደርጎበታል። አንቀጽ 12 ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ቤተ መዛግብት፣ ስለ ሙዚየምና መሰል ተቋማት ነው የሚያወራው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሥራው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለትርፍ ካልሆነ እንዲህ ያለ ተቋም ኮፒ ሲያደርግ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። ልብ በሉ፣ "ባለቤቱን አስፈቅዶ" አይልም። ፈቃዱን የሰጠው ሕጉ ራሱ ነው፣ ደራሲውን ፍለጋ መዞር አያስፈልግም፣ አሳታሚውን ደብዳቤ መጠየቅም አያስፈልግም።

ከዛ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፣ እነሱም ቢሆኑ የሚያስፈሩ አይደሉም። አንዱ መንገድ አንባቢ መጥቶ ሲጠይቅ ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ መጥቶ ከድሮ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ፣ ወይ ከአንድ መጽሐፍ አጭር ክፍል ፈልጌ ነበር ቢል ላይብረሪው ኮፒ አድርጎ ሊሰጠው ይችላል፣ ላይብረሪው ማረጋገጥ ያለበት ኮፒው ለጥናት ወይም ለግል ምርምር ብቻ እንደሚውል ነው፣ ሥራውም ለየብቻ የሚመጣ ጥያቄን የሚመልስ እንጂ እንደ ማተሚያ ቤት በገፍ የሚደረግ መሆን የለበትም። የመብት ባለቤቶችን ወክሎ የጋራ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ካለ ደግሞ መንገዱ በሱ በኩል ይሆናል። ሌላው መንገድ መጽሐፉን ለማቆየት ነው። ላይብረሪው ያለው ቅጂ እየተበላሸ ከሆነ፣ ወይም የሌላ ተመሳሳይ ላይብረሪ ቅጂ ጠፍቶ ወይ ተቃጥሎ ወይ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ከሆነና በተገቢ ሁኔታ ሌላ ቅጂ ማግኘት ካልተቻለ ኮፒ አድርጎ መተካት ይቻላል። እዚህኛው ላይ አጭር ክፍል ምናምን የሚል ገደብ የለም፣ ሙሉ መጽሐፉን ነው።

ይሄን ካነበባችሁ በኋላ ወደ ግድግዳው ወረቀት ተመለሱና አስቡት። አንዲት የማውቃት የማስተርስ ተማሪ በ1960ዎቹ ከወጣ መጽሔት 6 ገጽ ብቻ ፈልጋ አንድ ላይብረሪ "ኮፒራይት ነው፣ አይቻልም" ብሎ መልሷታል። ቁጭ ብላ በእጇ እንድትገለብጥ ግን ተፈቅዶላታል። ያንን አሮጌ መጽሔት ሙሉ ቀን እያገላበጡ ማጎሳቆል ይሻላል ወይስ አንዴ ስካን አድርጎ ጨርሶ ወረቀቱን ማሳረፍ? ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ፣ ነጋሪት ጋዜጣ እንኳን ኮፒ አይደረግም የተባለ ሰው አውቃለሁ። የሕግና የአስተዳደር ይዘት ያላቸው የመንግሥት ጽሑፎች እኮ በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 5 ከጥበቃው ጭራሽ ውጭ ናቸው! የአገሩን ሕግ የያዘ ወረቀት ማንም ዜጋ እንደፈለገ ይገለብጠዋል።

በላይብረሪያኖቹ መፍረድ ግን አልፈልግም፣ ፍርሃታቸው ይገባኛል። አዋጁ ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት እስራት ይቀጣል ይል ነበር፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ወርሃዊ ደሞዙን የሚጠብቅ የላይብረሪ ሠራተኛ ይሄን ሰምቶ ለምን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል? አንቀጽ 12ን ያሳየው አለቃ የለም፣ የተጻፈ አሠራር የለም፣ እምቢ ብሎ የተጠየቀ ሰውም የለም። ስለዚህ እምቢ ማለት ሁሌም ቀላሉ ነገር ነው። ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን መመሪያ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ "በዚህ ሥራ፣ ኃላፊነቱን ተቋሙ ይወስዳል" ያላለው አስተዳደር ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን የማቆየቱ ጉዳይ ነው። ብራና በደንብ ከተያዘ 500 ዓመትም ይቆያል። የእኛ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ጋዜጣና መጽሔት የታተመበት ወረቀት ግን አሲድ ያለበት ርካሽ ወረቀት ነው፣ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ከዛ ቡናማ ይሆናል፣ ከዛ ስታጥፉት ይሰበራል። የቤተ መዛግብት ሠራተኛ የሆነ ሰው ጠይቁ፣ ጥራዙን ሲከፍቱት ጠረጴዛው ላይ የሚራገፈውን ይነግራችኋል። አዲስ ዘመን በ1933 ነው የጀመረው፣ እሱ ቢያንስ በየቦታው ስላለ አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል። በአብዮቱ ሰሞን በትንሽ ቁጥር የታተሙት የፓርቲ ጽሑፎች፣ የተማሪ ማኅበር መጽሔቶች፣ የየመሥሪያ ቤቱ መጽሔቶች፣ በደራሲው ገንዘብ 1,000 ቅጂ ታትመው የቀሩ የግጥም መድበሎችስ? አንዳንዱ ምናልባት በአገሩ ሁሉ ሁለት ወይ ሦስት ቅጂ ነው የቀረው። አታሚዎች ቅጂ የማስገባት ግዴታ ስላለባቸው ብዙው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቷል፣ ብዙው ደግሞ ስድስት ኪሎ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ግን አንድ ቦታ ያለ አንድ ቅጂ ማለት አንድ የእሳት አደጋ ወይም አንድ የጣራ ፍሳሽ ሲደርስ የሚያልቅ ነገር ነው።

ኮፒ ምን ሊያድን እንደሚችል ደግሞ ከእኛ በላይ ማስረጃ ያለው አገር ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ፣ ባሕር ማዶ ያለው ቤቱ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘመኑን አስቡት እስቲ፣ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፣ ከዛ ቀይ ሽብር፣ ከዛ የሰሜኑ ጦርነት፣ ሰዎቹ ግን ገዳም ለገዳም፣ ደብር ለደብር እየዞሩ ብራናውን ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሱ ነበር። እስከ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሱ። ፊልሙ አንዱ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ሚኒሶታ ሄደ። እዛ ቁጭ ብለው ያንን ሁሉ ሲያነቡና ሲመዘግቡ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፣ ደርግ ቤታቸው ድረስ ልኮ አስተኩሶባቸው፣ ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር ከአገር የወጡ ሰው፣ በ2013 አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ ከነዛ ብራናዎች ውስጥ በቦታቸው የሌሉ አሉ። ተሰርቀው የተሸጡ፣ ተቃጥለው የጠፉ። ፊልሙ ግን አለ፣ አሁን ደግሞ ብዙው ዲጂታል ሆኖ ጎንደር ወይ መቀሌ የተቀመጠ ተማሪ በስልኩ ከፍቶ ያነበዋል።

ብራናው ላይ የደራሲ ኮፒራይት አልነበረበትም፣ እሱ እውነት ነው፣ ትልቁ ጥያቄ የገዳማቱ ፈቃድ ነበር። በወረቀት ለታተመው ደግሞ አንቀጽ 12 አለ። ከጦርነት መሀል 9,000 ብራና ማዳን ከተቻለ በሰላም ቀን፣ ስካነርና ኮምፒውተር ባለበት፣ ሕጉም በፈቀደበት፣ የ1967 መጽሔት እንዴት አይድንም?

አሁን የደራሲዎችን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ይሄን ስጽፍ "አንተ ደግሞ የደራሲን እንጀራ ልትቀማ ነው" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቴሌግራም ላይ የሚደረገውን ሁላችንም እናያለን። ትናንት ገበያ ላይ የወጣ ልቦለድ በሳምንቱ ሙሉው በፒዲኤፍ ይለቀቃል፣ ቻናሉ 100 ሺህ ተከታይ ይሰበስብበታል፣ ደራሲው ለማተሚያ ቤት የተበደረውን እንኳን አልመለሰም። ይሄ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም፣ አንቀጽ 12ም አይሸፍነውም። ደራሲዎቻችን ተናደው የሚናገሩት ልክ ነው። ግን የላይብረሪው ኮፒ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ላይብረሪው የሚያድነው ገበያ ላይ የሌለውን፣ ማንም የማያሳትመውን፣ ደራሲው ራሱ አንድ ቅጂ ቤቱ የሌለውን መጽሐፍ ነው። የሚገርመው የተፈቀደለት ላይብረሪ ፈርቶ ቁጭ ብሏል፣ ያልተፈቀደለት ቻናል ሌት ተቀን ይለቃል፣ የድሮ መጽሐፍ ፈላጊውም በጉድለት የተሞላ፣ ገጽ የተዘለለበት፣ ማን ስካን እንዳደረገው የማይታወቅ ፋይል ላይ ተመርኩዞ ቴሲስ ይጽፋል።

የጊዜ ገደቡንም ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1931 ስለሆነ ሥራዎቻቸው የሁላችንም ከሆኑ ቆይቷል፣ ማንም ላይብረሪ ሙሉውን ስካን አድርጎ ኦንላይን ቢያስቀምጠው የሚጠይቀው የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1996 ነው ያረፉት፣ ስለዚህ እስከ 2046 ድረስ የወራሾቻቸው ነው፣ ሊከበርም ይገባል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓይነት መጻሕፍት ለይቶ ዝርዝር አውጥቶ ለሕዝብ መክፈት ምንም የሕግ ችግር የለበትም፣ ሥራ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሕጉ ራሱ የሚጎድለው ነገርም አለ። አዋጁ ኮፒ ማድረግ ሲል በኤሌክትሮኒክ መልክ ማስቀመጥንም ይጨምራል፣ ስለዚህ ስካን ማድረግ ይቻላል። ግን አንቀጽ 12 የሚያነሳው ክልከላ የማባዛቱን ብቻ ነው፣ ለሕዝብ ማሰራጨቱን አይደለም። ያ ማለት ላይብረሪው ስካን ያደረገውን፣ መብቱ ያላለቀበትን መጽሐፍ ዌብሳይት ላይ ሊጭነው አይችልም። ያ ተገቢ ነው እሺ፣ ግን እዛው ላይብረሪው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ማስነበብስ? ይሄን በግልጽ የሚፈቅድ ቃል የለውም። አውሮፓ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ አሳታሚ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተከራክሮ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላይብረሪው ያለውን መጽሐፍ ስካን አድርጎ በግቢው ባሉ ኮምፒውተሮች ማስነበብ እንደሚችል ወስኗል፣ ሕጋቸው አስቀድሞ ለዚህ ቦታ ስለነበረው። ባለቤታቸው ፈጽሞ ለማይገኝ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በ2012 ለብቻው መመሪያ አውጥተዋል። እኛ ጋ አሳታሚው ፈርሶ፣ ደራሲው ተሰዶ፣ ወራሹ የት እንዳለ ማንም የማያውቀው መጽሐፍ ስንት ነው! ለኛ ከነሱ በላይ ያስፈልገናል።

አንድ ጥሩ እርምጃ ግን ተደርጓል፣ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ኢትዮጵያ የማራካሽ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ማንበብ ለማይችሉ ዓይነ ስውራን ሙሉ መጽሐፍ ያለባለቤቱ ፈቃድ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ መቀየር ይችላል፣ ከሌላ አባል አገርም መለዋወጥ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ስንማር ዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን የሚያነብላቸው ሰው እየለመኑ ፈተና ይደርስባቸው የነበረውን ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የትኛው ላይብረሪ በዚህ እየሠራ ነው የሚለውን መጠየቅ ደግሞ የኛ ፋንታ ነው።

እናም ላይብረሪ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ሊሠራ የሚችለው ነገር አንድ ገጽ ቅጽ ነው። የጠያቂው ስም፣ የመጽሐፉ ስምና የተፈለገው ገጽ፣ ለጥናት ወይ ለግል ምርምር ብቻ እንደሚውል የሚል ፊርማ፣ ቀን። ለማቆየት ለሚደረገው ደግሞ ሌላ ቅጽ፣ ቅጂው በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ገበያ ላይ ተፈልጎ እንደታጣ፣ ማን እንዳጣራው። ሁለቱንም የተቋሙ የሕግ ክፍል አይቶ ይፈርምባቸው። ተማሪዎች ደግሞ "አይቻልም" ስትባሉ ሳትጣሉ፣ በትህትና፣ አንቀጽ 12ን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱና ኃላፊውን አናግሩ። እምቢ ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።