በቀን ከሚበርር ፍላጻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምጽፈው የእናቴ ትእዛዝ ሆኖብኝ ነው። «ያደረገልንን ሳትመሰክሪ እንዳትቀሪ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግማሹን ደብቄ ግማሹን መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ያመሰገንኩበትን ብቻ ሳይሆን የተኳረፍኩበትንም እጽፋለሁ። ካህናት አባቶቼ፣ ብታነቡት አትቆጡኝ።

ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ። ለእኛ እንቁጣጣሽ፣ ለፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001። አልቃይዳ የላካቸው ሰዎች አራት አውሮፕላን ጠልፈው ሁለቱን ከኒው ዮርክ መንታ ሕንጻዎች ጋር ያላተሙበት ቀን ነው። ሦስተኛው ፔንታጎንን መታ፤ አራተኛው ፔንሲልቬንያ ሜዳ ላይ ወደቀ። ይሄን ዓለም ያውቀዋል። እኔ የምነግራችሁ የእኛን ቤት ነው።

ታናሽ ወንድሜ በ1991 ዲቪ ደርሶት ኒው ዮርክ ገብቶ ነበር። ሥራው ፓርኪንግ ነው። የሰው መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ ቁልፉን ይይዛል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ያወጣለታል። ፓርኪንጉ ከመንታዎቹ ሕንጻዎች ትንሽ ራቅ ይላል። እኛ ግን ርቀቱን የት እናውቃለን? የምናውቀው የላከልንን ፎቶ ነው። ጃኬቱን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከኋላው ሁለቱ ሕንጻዎች። 110 ፎቅ ናቸውና ጫፋቸው ፎቶው ውስጥ አልገባም። እማዬ በፍሬም አስገብታ ቴሌቪዥኑ ላይ አቆመችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ የልጄ መሥሪያ ቤት ነው» ትላለች። ብናርማት፣ ብናርማት፣ አልሰማ አለች። ሁለቱም የእሱ ሆኑ፣ በቃ።

ታላቅ ወንድማችን ደግሞ በ1992 ግንቦት ባድመ ግንባር ቀርቷል። ስለ እሱ ሳልነግራችሁ ስለዚያ ሌሊት መናገር አልችልም። ግንባር እያለ እማዬ ያልጾመችው ጾም፣ ያልተሳለችለት ታቦት አልነበረም። የጎንደርን 44 ታቦት በስም እየጠራች ነበር የምትተኛው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ በየማታው መዝሙር 90ን አነብላታለሁ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል።» አነበብኩ፣ አነበብኩ። አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት የሚያንኳኩ ሽማግሌዎች ለምን እንደመጡ አይጠየቅም።

ከዚያ ወዲያ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳረፍኩ። ለቅሶ የሚደርሱት «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ሲሉ እኔ በሆዴ «ሲነሣ ማንን አስፈቀደ?» እላለሁ። እማዬን ቤተ ክርስቲያን አደርሳትና ከቅጽሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። ቅዳሴው ይሰማኛል፤ አልገባም። መዝሙረ ዳዊቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ ወርውሬዋለሁ።

እንግዲህ ወደ እንቁጣጣሹ ልመለስ።

በኋላ ሳሰላው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሰሜናዊውን ሕንጻ የመታው በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ላይ ነው። ያኔ ቡና ላይ ነበርን። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ልጆች ጠዋት የሰጡን የአበባና የመልአክ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቶናው ሲቀዳ ደቡባዊው ሕንጻ ተመታ። በረካው ላይ እማዬ «ዓመት ዓመት ያድርሰን፣ የወጣ በሰላም ይመለስ» ብላ ስትመርቅ ልጇ በእግሩ እየሮጠ ነበር። እኛ «አሜን» አልን፤ ሌላ ምን እናውቃለን።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ዜና ተከፈተ። እኔ ሰሃን እያነሳሁ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጭስ ነው። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሕንጻ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ተናደ። አንባቢው የሚለውን አልሰማሁትም፤ ዓይኔ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ወንድሜ ፈገግ ብሎ ቆሟል፣ ከኋላው ሁለቱ ሕንጻዎች። ከሥሩ እነዚያው ሕንጻዎች ይነድዳሉ።

እማዬም እኩል አየችው።

«ይሄ የልጄ አይደለም እንዴ?»

ማንም አልመለሰላትም። ነጠላዋን አነሳችና በባዶ እግሯ ወጣች።

ቤታችን ስልክ አልነበረም። ወንድሜ በበዓል የሚደውለው ጎረቤታችን እትዬ ቤት ነው። የእትዬ ስልክ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከላዩ ዳንቴል፣ ከፊቱ ትንሽዬ ጓጉንቸር ቁልፍ። ልጆች እንዳይደውሉበት ነው። ወደ ውጭ አገር አይደውልም፤ ከውጭ ሲደወል ግን ይቀበላል። እትዬ እማዬን በር ላይ እንዳዩዋት ምንም ሳይጠይቁ ሳጥኑን ከፈቱና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። «ዛሬ ያንቺ ነው» አሏት።

እትዬ፣ ይሄን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበዓል እንግዶችዎን ጓዳ አስገብተው ሳሎኑን ለእኛ የለቀቁበትን ቀን አልረሳም። ጋሼንም ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስልኩ ጮኸ። ሁላችንም ተነሣን። ባሕር ዳር ያለው አጎቴ ነው፣ «ሰምታችኋል?» ሊል። እንደገና ጮኸ። ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ። እንደገና። የማናውቀው ሰው፣ ሞቅ ብሎት፣ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ተሳስቶ ደውሎ። እማዬ ተቆጣች። «መስመሩን ልቀቁለት! ልጄ በየት በኩል ይግባ?» ከዚያ በኋላ ጋሼ ስልኩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያነሳሉ፣ «አልደወለም፣ ዝጉ» ይላሉ፣ ይዘጋሉ። 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅን ከፈቱ። እማዬ «ዝጋው» አለቻቸው። ጋሼን «አንተ» ስትል ያኔ ነው የሰማኋት።

ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ የሰፈር ሰው መግባት ጀመረ። አንዳንዶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው። እማዬ ብድግ አለች።

«ማን ሞተና ነው? ያልመጣ መርዶ አልቀበልም። ያዘቀዘቀ ይውጣልኝ!»

ሴቶቹ እዚያው በቆሙበት ነጠላቸውን አስተካከሉ። አንዷ አክስቴ አፏን ይዛ ሳግ አመለጣት። እሷም ወደ ጓሮ ተሸኘች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ዳዊቱን አምጪ።» አላመጣም አልኳት። እውነቴን ነው፣ አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ «ለወንድሜ አንብቤ ምን ሆነ?» አልኩ። ዝም ብላ አየችኝ። «እኔ ማንበብ ብችል አንቺን እለምን ነበር?» አለች። ሄጄ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት።

አፌ እያነበበ ልቤ ይሳደባል። «ከሌሊት ግርማ፣ በቀን ከሚበርር ፍላጻ...» ስል እማዬ «ምን አለ? ድገሚው» አለች። ደገምኩት። «በቀን የሚበርር አለ?» አለች። «አዎ።» «በል እንግዲህ፣ ታውቀው ነበር» አለች፣ ወደ ላይ እያየች። ለእኔ አልነበረም የምታወራው። ቀጠልኩ። «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም።» እዚህ ላይ ድምፄ ተዘጋ። ይሄንኑ ቃል ለታላቄም አንብቤዋለሁ። ለእሱ ቀርቦታል። እማዬ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። «ቀጥዪ።» እትዬ በመቁጠሪያቸው 41 ኪርያላይሶን ጀመሩ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። እኔም ከእነሱ ጋር አልኩት። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። የአጣጣሚ ሚካኤል የኪዳን ደወል ተደወለ። እኔ ያን ሰዓት ነበር የምፈራው፣ የሽማግሌዎቹን ሰዓት። ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ጮኾ የተነሣው ግን ስልኩ ነው። ጋሼ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። እኔ አነሳሁት። ሹ... የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የራሴ «ሃሎ» ተመልሶ መጣ። ከዚያ፦

«እታለም? እማዬን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ በሁለት እጇ ያዘችው። ጩኸቱ ለሁላችንም ይሰማል።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ። ቀኑን ሙሉ መስመር አጣሁ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ የኔ ዓለም። በልተሃል?»

በቃ፣ ይሄው ነው ያለችው። ስልኩን ለእኔ መልሳ ቄጤማው ላይ ተደፋች። እልልታው ጋሼን ከእንቅልፋቸው አባነናቸው። «ነፍሳችን እንደ ወፍ ከአዳኞች ወጥመድ አመለጠች፤ ወጥመድ ተሰበረ፣ እኛም አመለጥን።»

ወንድሜ የሆነውን የነገረን ቀስ በቀስ ነው። ሲፈነዳ የጭነት መኪና የተጋጨ መስሎት ነበር። ወጥቶ ሲያይ ከሰማይ ወረቀት ይዘንባል። ሰው እየሮጠ መኪናውን ሊወስድ ይመጣል። እሱ ቁልፍ እየፈለገ፣ መኪና እያወጣ። ሁለተኛው ሲመታ አብሮት የሚሠራ አንድ ግዙፍ ሰው ኮሌታውን ይዞ እየጎተተ አስወጣው። የብሩክሊንን ድልድይ በእግራቸው ሲሻገሩ ደቡባዊው ሕንጻ ከኋላቸው ወደቀ። ኋላ የተመታው ቀድሞ ወደቀ፣ በ56 ደቂቃ። ብሩክሊን ሲደርሱ አንዲት ባለሱቅ ውሃ ሰጥታ ዓይኑን አሳጠበችው። እሷንም እግዚአብሔር ይባርካት፣ ስሟን አላወቅንም።

እማዬ «ሚካኤል ነው እጁን ይዞ ያወጣው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ኧረ ኮሌታዬን ነው፣ ሸሚዜ ተቀዷል» ይላል። የሰውየው ስም አንደበቷን እምቢ ስላለው እማዬ ራሷ «ወልደ ሚካኤል» ብላ ሰየመችው።

ቤት ገብቶ ጃኬቱን ሲያወልቅ ኪሱ ከበደው። የሰው መኪና ቁልፎች ናቸው። ይዟቸው ነው ድልድዩን የተሻገረው። ፓርኪንጉ እንደገና ሲከፈት አንዳንዶቹን ባለቤቶቻቸው መጥተው ወሰዱ። ያልመጡ አሉ።

ምስክርነቴ እዚህ ላይ ያስቸግረኛል። በዚያ ቀን 2,977 ሰው ሞቷል። ፔንታጎንን በመታው አውሮፕላን ውስጥ ኢትዮጵያ የተወለደ ሐኪም ነበር። ለአዲስ አበባ የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ ሲያሰባስብ የነበረ ሰው ነው። የእሱም ቤተሰቦች በእንቁጣጣሽ ቀን ነው የተጨነቁት። እነሱ ጋ ስልኩ አልጮኸም። እልል ባልኩ ቁጥር ይሄ ይመጣብኛል። «እኔ ከማን በልጬ?» እላለሁ። ደግሞም ከራሴ ቤት ታላቄ አለ። እናቱ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፣ አንባቢዋ አንድ።

ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ይሄንኑ አልኳቸው። ጥቅስ ይጠቅሱልኛል ብዬ ነበር። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጥያቄሽን ይዘሽ ግቢ። ውጪ ድንጋይ ላይ አትቀመጪ» አሉኝ። ገባሁ። ከነኩርፊያዬ ነው የገባሁት፤ ሁሉም አልወጣልኝም።

ዓመታት አለፉ። ወንድሜ በ1998 ለጥር ሥላሴ መጣ። እማዬ የተሳለችው ጥላ ነበር፣ «በራሱ እጅ ያስገባው» ብላ። በመጣ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ቆመን ወደ አዘዞ የሚያርፍ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ግድግዳ ያዘ። ማንም ምንም አላለም፤ እማዬ ብቻ ወንበር አቀረበችለት። ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጥላውን አስገባ።

መስከረም 2 በየዓመቱ ቤታችን ጠበል ጸዲቅ አለ። የታላቄ መታሰቢያም፣ የታናሼ ምስጋናም በአንድ ቀን ነው። ጎረቤት «ለቅሶና ደስታ አይደባለቅም» ብሎ ነበር፤ እማዬ አልሰማችም። ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ፣ ዳዊቱንም የማነበው እኔ ነኝ። ቄሱ በጸሎት የሚነሡትን ስም ሲጠይቋት የታላቄን የክርስትና ስም ትነግራቸዋለች፣ የታናሼን፣ ከዚያ ወልደ ሚካኤልን። አንድ ዓመት ላይ «የቁልፎቹን ባለቤቶችም» አለች።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉ ቄሱ።

«እኔ የት አውቄ፣ አባ። መኪናቸውን አቁመው የሄዱት በሏቸው።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።