እንዚራዋን ማን አወጣት?

በዐቢይ ጾም ለሚተላለፍ ዝግጅት በገና ልንቀዳ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አንድ መምህር ቤት ሄድን። በአንድ ማይክ፣ ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው የቀዳሁት። ከጓዳ የፍሪጅ ድምፅ ይሰማል፣ አልፎ አልፎም ባጃጅ ያልፋል። የመምህር አደራደር ግን ልብ ይነካል። አንድም ቦታ ማስደገም አላስፈለገኝም።

ኤዲቲንጉን አለቃችን ወሰደው። ሰምቶ እንደጨረሰ "ይሄ ዝዝዝ የሚለው ምንድን ነው? ነፃ ሶፍትዌር እኮ እንዲህ ነው፣ ቆሻሻ ይቀዳል" አለኝ። የበገናው ድምፅ ነው አልኩት። እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በበርኩማው መሀል ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካካ ነው ያ ንዝረት የሚወጣው። ያለሱ በገና በገና አይሆንም። "እሺ፣ እኔ አጸዳዋለሁ" አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

ያጸዳውን ለመምህር አሰማናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እንዚራዋን ማን አወጣት?"

ፊቴ ጋለ። ከቀረጻው በፊት አሥሩን አውታር ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ቆዳዋን በጥፍራቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ አውታሩን ይመታሉ፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ገፋ። ያ ሁሉ ልፋት ለዚያች ንዝረት ነው።

አለቃችን ቀደመኝ። "የሶፍትዌሩ ችግር ነው መምህር። በነፃ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ነው፤ በዋናው ብንሠራው ኖሮ..." ዋናው የሚለው ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም የሚሸጥ ሆኖ ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራውን ሶፍትዌር ነው።

ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሰው እየሠራበት ያለ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ መሣሪያ ነው። ረብሻ መቀነሻው፣ ኖይዝ ሪዳክሽኑም፣ የሚሠራው ባሳየኸው ልክ ነው። ረብሻው ብቻ ያለበትን ቁራጭ መርጠህ ፕሮፋይል፣ ማለትም የረብሻውን ናሙና ትወስዳለህ፣ እሱ ያንን የሚመስለውን ከሙሉው ላይ ይቀንሳል። በገና ካሳየኸው በገና ይቀንስልሃል።

ያልተነካው ኦርጅናል የድምፅ ፋይል (ዌቭ) ፍላሼ ላይ ስለነበር ከፈትኩት። "ፕሮፋይሉን የቱጋ ነው የወሰድከው?" አልኩት። አሳየኝ። መምህር እጃቸውን አንስተዋል፣ አውታሩ ግን ገና እየነዘረ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ፕሮፋይል ወሰድኩና "ሬዚጁ" የሚለውን መርጬ ሙሉውን አስኬድኩት። ሬዚጁ የሚያሰማህ የሚጣለውን ብቻ ነው። ስፒከሩን ከፈትኩ። በገናው ወጣ። ሰውነት የለውም፣ ሳስቷል፣ ግን በገና ነው፤ እንዚራዋ ቁልጭ ብላ ትሰማለች።

"ይኸውላችሁ" አሉ መምህር። አለቃችን ስልኩን አወጣ።

መምህር ከመጀመራቸው በፊት ካለው ዝምታ ላይ ፕሮፋይል ወስጄ በ6 ዴሲቤል ብቻ ቀነስኩት። የፍሪጁ ድምፅ ትንሽ ቀርቶበታል፣ ይሁን። እንደዚያው ተላለፈ።

እስካሁን በስብሰባ የሶፍትዌር ግዢ ሲነሳ አለቃችን ያንን በገና ለምሳሌ ያነሳል፤ ኦዳሲቲ አበላሸው እያለ። መምህርን ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም።