ስድስት ነጥብ

የጀርመኑን የዕድል ካርድ ነጥቤን ደመርኩ። እነሱ ቻንሰንካርተ ይሉታል። እንደ ፈረንጆቹ ጁን 1 ቀን 2024 የተጀመረ ቪዛ ነው፤ ቀጣሪ ሳይኖርህ ገብተህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሥራ ትፈልጋለህ። ቁጥሩ ከመጀመሩ በፊት ግን ዲግሪህ በተማርክበት አገር፣ ለእኔ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ እውቅና ያለው መሆን አለበት። ከቋንቋም ወይ ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ)፣ ወይ እንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ) ይጠይቃሉ።

ከዚያ ስድስት ነጥብ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ ሰው የጠፋበት ሙያ ነው ተብሎ 1። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ አምስቱን በሙያዬ ስለሠራሁ 3። ዕድሜዬ ከ35 ስላላለፈ 2። ቡናው ሳይፈላ ሞላልኝ! እናቴ የልደቴን ቀን አታውቅም፣ «ደርግ በወደቀ ክረምት» ነው የምትለው። ደግነቱ ፓስፖርቴም ከእሷ ጋር ይስማማል።

እሑድ ከጊዮርጊስ ስንመለስ በጣና ሐይቅ ዳር እየሄድን ነገርኳት።

«ዲቪ ደረሰህ?» አለች፣ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«አይ እማዬ፣ ዕጣ አይደለም። ሄጄ ሥራ የምፈልግበት ፈቃድ ነው።»

«ሥራ አለህ አይደል እንዴ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ያለህን ሥራ ትተህ ሥራ ፍለጋ ልትሄድ ነው?»

መልስ አጣሁ። ደመወዜ ወር እንደማያደርሰኝ እሷም ታውቃለች፤ ዘይት የምትገዛው እሷ ናት። ግን ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። ሰፈር ውስጥ ካርዱን ሥራ ራሱ አድርጎ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። «እኛ እንጨርስልሃለን» የሚል ደላላም አይጠፋም። ካርዱ የመፈለጊያ ፈቃድ ነው፣ በቃ። እስክታገኝ ድረስ በሳምንት 20 ሰዓት ያገኘኸውን መሥራት ትችላለህ። ቀጣሪ ሊሞክርህ ከፈለገም ሁለት ሁለት ሳምንት ይሞክርሃል። ዓመቱ ሲያልቅ እጅህ ላይ ምንም ከሌለ ግን ሻንጣህን ይዘህ ወደ ሰፈራችን ወደ ሽምብጥ ነው።

ነጥቡ ነፃ ነው፤ የሚከብደው ብሩ ነው። በ2025 ስሌት ለወር 1,091 ዩሮ እንዳለህ ማሳየት አለብህ። ለዓመት 13,092 ማለት ነው፤ ብዙው ሰው በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚለቅ የባንክ ሂሳብ፣ ያስቀምጠዋል። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህን ወደ ብር መመንዘር ትቻለሁ፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። እዚያ የሚኖር ሰው ዋስ ከሆነህም ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት አለ። ግን እኔ ሥራ ባጣ ወጪዬን የሚሸፍነው እሱ ነው። ስልኩን አንስቼ ስለ ቤተሰብ ጠይቄ፣ ስለ ብርዱ ጠይቄ፣ ደህና ዋል ብዬ ዘጋሁት።

ጀርመንኛውስ? ለነጥቡ አያስፈልገኝም፣ በእንግሊዝኛ ያልፋል። ለሳይት ግን የግድ ነው። ኮንክሪት ሊሞላ ሲል ፎርማኑን «ቁም፣ ይሄ ብረት በደንብ አልታሰረም» ካላልኩት እኔ ምኑን መሐንዲስ ሆንኩ? ስለዚህ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም። ጓደኞቼ ጊዜ ታቃጥላለህ ይሉኛል። ይበሉ።

ዛሬ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ላወጣ ቢሮ ገባሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት። በእንግሊዝኛ ይሁንልኝ፣ ቀኖቹም በፈረንጅ ይጻፉ አልኩ። ሐምሌን ወደ ጁላይ ስናዞር የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ሰማችን።

«የት ልትሄድ ነው? እስቲ ለእኔም ደምርልኝ!»

ዕድሜዋ ለ35 ገና ነው፣ 2። ከተመረቀች ወዲህ ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ ሌላ 2። እንግሊዝኛዋን ቢ2 ታልፈዋለች ብለን ተስማማን፤ መግቢያ እንጂ ነጥብ የለውም።

«አራት ነው» አልኳት። «ጀርመንኛ ቢ1 ብትይዢ ግን ሁለቱን ይሞላልሻል።»

ካልኩሌተሯን ገፋ አደረገችው። «እዚህ ባሕር ዳር የሚያስተምር ሰው ታውቃለህ?»

እኔም የማፈላልገው እሱኑ ነው። ሁለት ከሆንን ክፍያውን ይቀንስልን ይሆናል አልኳት።