የቮልስ የኋላ ታምቡሮና የፓራኦሊዮ ቀለበት፦ የሚገዛውና ቶርኖ ላይ የሚወጣው

የድሮ ቮልስ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን ሲለቁ ከኋላ «ኳ» ካለ፣ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየርም ያው ድምፅ ከተደገመ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይፈታል፣ ድምፁ ግን አይጠፋም። እኔ እ.ኤ.አ. በ1966 በተሠራ ቮልስ 1300 ላይ ያገኘሁት ችግር ሌላ ነበር፤ የተበላው የግራ የኋላ ታምቡሮ (ጎማው የሚታሰርበት የፍሬን ከበሮ) መሃል ላይ ያለው፣ ሸሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) የሚሰካበት ጥርስ ነው።

ምንም ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ ታምቡሮውን ሸሚያሱ ላይ በሚያስረው ትልቁ ዳዶ ዙሪያ ተመልከቱ። የእኔው ላይ የደቀቀ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ነበር። ከጣና እርጥበት የሚመጣው ዝገት ብረቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚቀረው፤ ይሄኛው ግን ሁለት ብረት ሲፋጭ የሚወጣ ስለሆነ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። ቀጥሎ ከሸሚያሱ ጫፍ እስከ ታምቡሮው አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አሰመርኩ። ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ፣ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፉልኝ መስመሩ ተሰበረ፤ ታምቡሮው ሲንቀሳቀስ ሸሚያሱ ቆሟል።

ምክንያቱ የላላ ዳዶ ነው። ኃይሉን የሚያስተላልፈው ጥርሱ ቢሆንም እንዳይፋጭ አፍኖ የሚይዘው ዳዶው ነው። በላላ ዳዶ ኮረኮንች መንገድ ጥቂት ጊዜ መመላለስ ይበቃዋል። ደግነቱ ሸሚያሱ ጠንካራ ብረት፣ ታምቡሮው ለስላሳ ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ አስቀድሞ የሚያልቀው ታምቡሮው ነው። የሸሚያሱን ጥርስ በጥፍሬ እየዳበስኩ አየሁት፤ ጠርዙ አልተበላም።

አንድ ጋራዥ የተበላውን ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ሊያወጣልኝ ፈልጎ ነበር። ይህን ማንም እንዳይቀበል አጥብቄ እመክራለሁ። ካስት በተበየደበት ጎን ይሰነጠቃል፣ ሙቀቱ ታምቡሮውን ያጣምመዋል፣ በእጅ የተሞረደ ጥርስም ጭነቱን በሁለት በሦስት ቦታ ብቻ ይሸከማል። ጎማውን የያዘ ዕቃ ነው። ጥርስ ያለውና ጭነት የሚሸከም ነገር ይገዛል እንጂ አይሠራም።

ያገለገለ ታምቡሮ ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። በፎቶ መግዛት አያዋጣም፤ አሮጌውን በአውቶቡስ ልኬ ከእሱ ጋር እንዲመሳከር አደረግሁ። የዚህ ዘመን ቮልስ ጎማ በ5 ቡሎን ነው የሚታሰረው፤ የቡሎኖቹ ክብ 205 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በብዛት የመጣው ባለ 4 ቡሎንና 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይሆንም። የውስጥ ስፋቱ አዲስ ሲሆን 230 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሦስት አቅጣጫ ተለክቶ ከ231 ካለፈ እኔ አልወስድም። የጥርሱ ፈተና ደግሞ ሻጩ ጋ ባለ ሸሚያስ ላይ ሰክቶ በእጅ ማወዛወዝ ነው፤ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ይቅር።

ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የወጣችው ከታምቡሮው ኋላ ያለችው ቀለበት ናት። የፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ከንፈር እሷ ስትዞር የሚፋጨው በእሷ ላይ ስለሆነ በዓመታት ብዛት ጎድጓዳ መስመር ቆርጦባታል። ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለባት አዲስ ፓራኦሊዮም አያድናትም፤ የካምቢዮ ዘይት ወጥቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል።

ብረቷን ያወጣሁት ከተጣለ የጭነት መኪና ሸሚያስ ነው። የዚህ ብረት ቆዳ የቶርኖ ቢላ ይሰብራል፤ ስለዚህ እስኪቀላ አግለን አመድ ውስጥ ቀብረን አሳደርነው። በማግስቱ ያለ ችግር ተቆረጠ። ቀዳዳው፣ የውጩ ክብና አንዱ ፊት ብረቱ ሳይፈታ በአንድ እስር መውጣት አለባቸው፤ ካልሆነ ፊቱ ከቀዳዳው ጋር ቀጥ አይልም፣ የተጣመመ ፊት ደግሞ ዳዶውን መልሶ ያላላል። ቁመቷን በካሊፐር አራት ቦታ ለክቼ ከአሮጌዋ ያላት ልዩነት ከ0.05 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አደረግሁ። የአሮጌዋ የውጭ ክብ የሚለካው ፓራኦሊዮው ባልነካው ቦታ ነው። የምትገባበት ጠርዝ ስለቱ ካልተሰበረ የፓራኦሊዮውን ከንፈር ይቆርጠዋል።

የመጀመሪያዋ ቀለበት ታበራ ነበር፣ ግን በ2 ቀን አፈሰሰች። ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳያት የቢላው ምልክት እንደ ቡሎን ጥርስ ዙሪያዋን ተጠምዟል፤ ስትዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ትገፋው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛዋን ቶርኖው እየዞረ በ400፣ ቀጥሎ በ600 የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አለሰለስናት። «ጋሼ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን እንዳይሄድብን» ብዬ ባለቶርኖውን ለመንኩት፤ ወረቀቱ ወደ ጎን ከተጎተተ ያው ጥምዝ ተመልሶ ይመጣል። ያልጠነከረ ብረት ስለሆነ የኦሪጅናሉን ዕድሜ አልጠብቅበትም፤ በዚያው እስር አንድ መለዋወጫ አስወጥቻለሁ።

ሲፈታ የወጣው ኩሽኔታ (ሸሚያሱ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ፊቱ ላይ 6306 ተጽፎበታል፤ 30 በ72 በ19 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ቁጥር ነው። የቮልስ ዕቃ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፣ በቁጥሩ ብቻ ባሕር ዳር ይገኛል።

ሲገጠም የሚረሳው ከቀለበቷ ኋላ የምትገባው ትንሿ ጎማ ናት። እሷ ከሌለች ዘይቱ በሸሚያሱና በቀለበቷ መካከል አልፎ ይወጣል፤ ሰውም ፓራኦሊዮውን ይወቅሳል። የፓራኦሊዮው ስፕሪንግ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዞራል። የኩሽኔታው ክዳን ታች ያለችውን የማፍሰሻ ቀዳዳ በሽቦ ጠርጉ፤ ፓራኦሊዮው ቢያፈስ እንኳ ዘይቱ በእሷ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሸራው ላይ አይደርስም።

ዳዶው 36 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶ ላይ የሚሰካ ቁልፍ) ይፈልጋል። የሚጠብቀው በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሃል 50 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ አግድም በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ክብደቱን ሁሉ ይጣል፤ ሳይዘል፣ ቀስ ብሎ። ጎማው መሬት ይርገጥ፣ የእጅ ፍሬኑም ይያዝ። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት አጥብቆ ማግጠም ነው፤ ወደ ኋላ ማላላት የተበላውን ታሪክ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ከካምቢዮው የጎደለውን በ90 ቁጥር ጂኤል 4 ዘይት፣ መኪናው ደልዳላ ላይ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሞላሁት።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፒሊያውን አውጥቼ ዳዶውን እንደገና ሞከርኩት፤ ሩብ ዙር ያህል ሄደ። ከ200 በኋላ አልተነቃነቀም፣ በዙሪያውም ቀይ ዱቄት የለም።