ከረጢቱን የሸጠልኝ ሽንኩርት ነው

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ የጨርቅ ከረጢቶች ስሰፋ ፊታቸው ላይ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» ብዬ በአረንጓዴ ቀለም አሳተምኩ። አቡጀዲውን ያመጣሁት ከመርካቶ ነው። ዋጋቸውን 150 ብር አልኩ። ያየኝ ሁሉ «ጎበዝ፣ በርቺ» ይለኛል። በሁለት ወር ስምንት ሸጥኩ። ሦስቱን የወሰዱት አክስቶቼ ናቸው።

አንዲት ሴትማ «ከየትኛው ድርጅት ነው? በነጻ ነው አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መፈክር ያለበት ነገር እኛ ጋ ስብሰባ ላይ የሚታደል ነው፣ እንደ ቲሸርቱና እንደ ኮፍያው። ማን ከኪሱ አውጥቶ ይገዛዋል?

የነቃሁት ሾላ ገበያ ነው። አንዲት እናት ፌስታላቸው ፊቴ ተበጠሰ። ታውቁት የለ፤ ማንጠልጠያው እየቀጠነ ይለጠጣል፣ ጣት ይከረክራል፣ ከዚያ ዷ! ሽንኩርቱ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። አብረን ለቃቀምንና ከቦርሳዬ አንድ ከረጢት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጽሑፉን ዞር ብለውም አላዩት። ማንገቻውን ሁለቴ ጎተት አደረጉና «ልጄ፣ አምስት ኪሎ ይችላል? ይታጠባል?» አሉኝ።

ቤት እንደገባሁ መፈክሩን ተውኩት። ማንገቻውን ደርቤ ሰፋሁ። ከአንዲት የጉሊት ነጋዴ ጋር ተስማማንና አንዱን ከረጢት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሞልታ መደቧ ላይ ሰቀለችው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 20 ብር የሷ ነው። በሳምንት 30 ሄደ! አያቶቻችንም ዘንቢል ይዘው ገበያ የወጡት ስለሚችል እንጂ ማንም ስለ አካባቢ ሰብኳቸው አይደለም።

ሕጉስ? የማይበሰብስ ስስ ፌስታል፣ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች፣ እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ አዋጅ 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ገበያው ግን አልሰማም። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ስልኬ አላርፍ አለ። ቅጣት ፈርቶ የመጣው ሰው የሚጠይቀው ግን «ርካሹ የቱ ነው?» ብቻ ነበር። ተመልሶ የመጣም ጥቂት ነው።

ተመልሰው የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ጠርዙ ላይ ጥለት ያደረግኩበትን 250 ብር ለስጦታ ይወስዱታል፤ ውጭ ላለ ዘመድ የሚልኩም አሉ። ብዙዎቹ የሚያማርሩት ቤት ረስተው መምጣታቸውን ነው። ስለዚህ ተጣጥፎ ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ሠራሁ። አሁን በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጥጥ ሲመረት ብዙ ውሃ ይጠጣል። ከረጢቱ መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ከፌስታሉ በምን ተሻለ? ባለፈው አንዷ ደንበኛዬ ሰባተኛዋን ልትገዛ መጣች። «ቤት ያሉትን ስድስቱን ይዘሽ ውጪ እንጂ» አልኳት። «ነጋዴ ነሽ ወይስ ሰባኪ?» ብላ ተቆጣችኝ፣ ባለጥለቱንም ገዝታ ሄደች።