የእናቴ የሽንኩርት ልጣጭ

እናቴ ቀይ ሽንኩርት ስትልጥ ደረቁን ልጣጭ ብቻ አታነሳም፤ ከሥሩ ያለውን ወፍራም፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ሥጋ ጭምር ገፍፋ ትጥለዋለች። «ይኼ አይበስልም» ትላለች። በድሬዳዋ ሙቀት ከቀፊራ ገበያ ተሸክሜ ያመጣሁት ሽንኩርት እንዲህ ሲጣል ድሮም ያናድደኝ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የምናደድበት ሌላ ምክንያት አለኝ።

ውጭ አገር የምትኖር አክስቴ «ኩዌርሴቲን 500 ሚሊ ግራም» የሚል ብልቃጥ ላከችልን። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ክኒን መውሰድ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አክስቴ በስልክ «ከተክል የተሠራ ነው፣ ጉዳት የለውም» ስትላት የግፊት ክኒኗን ለእኔ ሳትነግረኝ ትታ በምትኩ ያንን መዋጥ ጀመረች። በስድስተኛው ቀን ራሷን አዞራት። ሰፈራችን ወዳለው ክሊኒክ ይዣት ሮጥኩ፤ ግፊቷ 180 በ105 ነበር።

«እማዬ፣ ምነው?» አልኳት።

«አቦ ልጄ፣ ተክል ነው ብላኝ እኮ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሳነብ አነጋሁ። ኩዌርሴቲን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የእጽዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ ሻይ ቅጠል፣ ፖምና ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በቀን 730 ሚሊ ግራም ለ28 ቀናት ወስደው የላይኛው ቁጥር 7 ያህል፣ የታችኛው 5 ያህል ቀንሶላቸዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከ180 ላይ ሰባት ቢነሳ እናቴ አሁንም 173 ላይ ናት። ይህን ስሌት ለአክስቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ብልቃጡንም ከቤት አወጣሁት፤ እንዲህ ያለው እንክብል ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ የሚዋጥ አይደለም።

ሽንኩርቱን ግን አልተውኩትም። መቶ ግራም ቀይ ሽንኩርት 40 ሚሊ ግራም ገደማ ኩዌርሴቲን አለው፤ አንዷን እንክብል ለመተካት ከአንድ ኪሎ በላይ መብላት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒት ነው አልልም። ምግብ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ምግብ። ሽንኩርት ውስጥ ንጥረ ነገሩ ግሉኮስ ከሚባለው የስኳር ዓይነት ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ አንጀታችን ፖም ውስጥ ካለው ይልቅ የሽንኩርቱን በቀላሉ ይቀበለዋል። የሚበዛው ደግሞ በውጭ በኩል ነው፤ ወደ እምብርቱ በተጠጋን ቁጥር ይቀንሳል። እናቴ የምትጥለው ያንኑ ነው! ሲቀቀል ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል። እኛ ግን ቁሌቱን በደረቁ አቁላልተን፣ በኋላ ጠብ የምናደርገውንም ውኃ ሳንደፋ ከነወጡ እንበላዋለን። ይህን ሳውቅ የእናቴን ድስት ከበፊቱ ይበልጥ ወደድኩት።

አሁን አምሎዲፒኑ ከቡና ስኒዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ ጠዋት ከቡናው በፊት እያየኋት ትውጠዋለች። ሽንኩርቱንም በጥፍሯ ጫፍ ደረቁን ብቻ ማንሳት ለምዳለች። ትናንት ግን እጇ ወደ ድሮው ተመልሶ ወፍራሙን ስትጥል ደረስኩባት። ከቅርጫቱ አንስቼ፣ አጥቤ ሰጠኋት። ቀና ብላ አየችኝና ከተፈችው።